ከምስማሩ በታች

ፀደንያ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው።

ባሏ ገዳሙ ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ተማሪዎቹ ያዝኑለታል፤ በቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ደግሞ ይስቃሉ። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ድንጋይ እሰብራለሁ ብሎ ጣቱን ሰበረ፤ ጠማማ ሆና ቀረች። ካርታ ላይ ደብረ ማርቆስን ሲያሳይ እሷ ደሴን ትጠቁማለች።

ሰኞ ዕለት ተማሪዎቹን መንገድ ወደ ቆረጠው ገደል ወሰዳቸው።

«የምድር ዘመናት ድንበር የሚለየው በድንጋይ ንብርብር ነው» አላቸው። «ከታች ባለው ንብርብር ብዙ ፍጥረት ይገኛል። ከላይ ባለው ድንገት ይጠፋል፤ በጅምላ አልቋል ማለት ነው። የሥነ ምድር አዋቂዎች አንድ ቦታ መርጠው መስመሩ ላይ ምስማር ይመታሉ።»

«መምህር፣ እዚህ ምን አለቀ?» አለች አንዷ።

«እዚህ ምንም። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።»

«ታዲያ ለምን መጣን?»

ገዳሙ ይዟቸው ተመለሰ።

እሱ ምስማሩን የመታው ቤቱ ውስጥ ነው። አምና ፀደንያ የበሩን ግድግዳ ስትለቀልቅ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ገዳሙ ጭቃ ያቀብላት ነበር፤ ያገኘውን ሁሉ ስለሚደገፍ ሁለቴ ተቆጥታዋለች። ከታች ጀምራ ደረት ላይ ስትደርስ ምጥ ያዛት። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሣችም። ልቅለቃው በቆመበት መስመር ላይ ምስማሩ አለ፤ ከምስማሩ በታች፣ ጭቃው ላይ የደረቀ የመዳፍ ዐሻራ።

የፀደንያ ነው ይላል፤ ዐሻራው ግን ለሴት ሰፊ ነው። ገዳሙ «ጭቃ ሲደርቅ ይሰፋል» ብሎ ደምድሟል፤ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚኮማተር ግን በየዓመቱ ያስተምራል። አንዱ ጣት መንሻፈፉንም ለምጡ ሰጥቶታል። ነክቶት አያውቅም። ናሙና በእጅ አይነካም።

ሐሙስ ዕለት አማቱ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ከቁይ መጡ። ጭቃና እበት አቡክተው ነጠላቸውን ምስማሩ ላይ ሰቀሉ።

«እማማ፣ እዚያ ላይ አይሰቀልም።»

«ታዲያ ምስማር ለምን ይመታል?»

«ድንበር ነው። ከሥሩ ፀደንያ አለች።»

«ቅዳሜ ሙት ዓመቷ ነው፣ ልጄ። ሰው ይመጣል። ግድግዳው እንዲህ ተገሽልጦ ምን ሊሉን ነው?»

«ሌላውን ሁሉ ይለቅልቁት። ይችን መዳፍ ብቻ ይተዉልኝ። ከእሷ ሌላ የቀረኝ የለም።»

«ይችስ?» አሉ።

ሕፃኗ ወለተ ሰንበት ክንዱ ላይ ሆና የሸሚዙን ቁልፍ ትጠባለች። ገዳሙ ቁልፉን ከአፏ አወጣ።

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ነጠላቸውን አነሡ። ቀረብ ብለው ዐሻራውን አዩ። ዞረው ገዳሙን አዩት።

«ይሁን። እዞረዋለሁ» አሉ።

ዞሩትም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግድግዳው ሁሉ አዲስ ሆነ፤ መሐሉ ላይ አንዲት አሮጌ መዳፍ ቀረች። ገዳሙ ደስ ብሎት ሊያይ ቀረበ። ሕፃኗ ምስማሩን ልትይዝ ከክንዱ ተወረወረች። እንዳይወድቁ በግራ እጁ እሷን አጥብቆ ያዘ፤ በቀኙ ግድግዳውን ተደገፈ።

መዳፉ ዐሻራው ውስጥ ልክክ አለ፤ ጠማማዋ ጣት ሳትቀር።