ከደንገሉ ውስጥ

የመናፈሻውን የሲሚንቶ ኩሬ አፍርሰን ወደ ጥንቱ ረግረግ እንድንመልስ የሐዋሳ ወጣቶች አንድ ለአምስት ተደራጀን። ሳይደራጁ የቀሩት እንቁራሪቶቹ ብቻ ነበሩ። ከሐይቁ ዳር አምጥተን የተከልነው ደንገል ከቁመታችን በላይ አደገ።

አንድ ቀን ራሔል ጭቃው ውስጥ ቆማ፣ «ይሄ ደንገል ከሹሞቹ ሁሉ ይሰነብታል» አለች። የሰማናት እኔና ኪሩቤል ብቻ ነበርን። በማግስቱ ግምገማ ላይ ሰብሳቢው ቃል በቃል ደገመላት፤ ከሥራም ተባረረች።

ከኪሩቤል ጋር መናኸሪያ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተን ከአንድ ሰሃን ነበር የምንበላው። ደንገሉ ፊት ለብቻው አቆምኩት።

«ምን ሊሾሙህ ነው?»

«እኔን? እኔ እኮ አንተን ነበር የጠረጠርኩት።»

ተያየን። ቀስ በቀስ ሳቅ መጣብን። ኪሩቤል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ለነገሩ ሰብሳቢያችን ደንገልና ሸንኮራ መች ይለያል» አለኝ።

ያኔ ከደንገሉ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡር ሰብሳቢ» አለ ረጋ ብሎ፣ «ኪሩቤል ደንገልና ሸንኮራ አይለዩም ብሎዎታል።»

ድምፁ የእኔ ነበር።

ኪሩቤል ወደ ደንገሉ አልዞረም። የተዘጋውን አፌን እያየ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረ።