ዓይን እስኪለምድ

ያቺን በዘመናዊ ሥነ ጥበብና በሥነ ሕንጻ የታወቀች የጃፓን ደሴት የሚያሳያት ሰው ብትለምን ብትለምን አላገኘችም ነበር። ዛሬ ግን ሳትጠይቃቸው፣ እትዬ አስካለና ባለቤታቸው ጋሽ ደምመላሽ ከቶኪዮ ድረስ መጥተው በከሰዓት በኋላው ጀልባ ይዘዋት ሄዱ። ለፋሲካ እንኳ ከሥራ የማይቀሩ ሰዎች! ሆዷ ቅቤ ጠጣ።

ጀልባው ላይ ሆና አዲስ አበባ ደወለች። እናቷ ከታመመች ወዲህ ስልኩን የሚያነሳው ወንድሟ ነው።

«ተኝታለች» አላት፤ እንደ ትናንቱ።

«አሁንስ እንቅልፍ አበዛች» ብላ ሳቀች። እትዬ አስካለ አልሳቁም። የታጨቀ ቦርሳቸውን ልያዝልዎት ብትላቸውም እምቢ ብለው ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

ደሴቲቱ ላይ መጀመሪያ የገቡት መስኮት የሌለው የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። ድቅድቅ ጨለማ ነው። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ዓይን እስኪለምድ መጠበቅ ነው፤ ያኔ ከፊት ለፊት ብርሃን ቀስ እያለ ይታያል። ጥበቡም ይኸው ነው።

«እማዬ ሲሻላት አመጣታለሁ» አለች በጨለማው ውስጥ። «ጨለማ ትፈራለች፤ እጇን ይዤ ነው የማስገባት።»

ከጎኗ ዚፕ ሲከፈት፣ ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ ሰማች። በርዷቸው ይሆናል አለች በሆዷ።

ቆይቶ ግድግዳው ገርጣ አለ።

«መጣ! መጣ! እትዬ፣ አዩት?» ብላ ዞረች።

ባልና ሚስቱ ከአግዳሚው ተነሥተው ቆመዋል። ሁለቱም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።