«መጣ ወይ?»

ጎረቤት ለቅሶ ስለተቀመጠ ሽማግሌው ጠዋት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘጋ። በኋላ ሚስቱ «ጠፋ እኮ!» ስትለው፣ ጓሮ ወጥቶ ከትልቁ ዲሽ ጋር ግብግብ ገጠመ። ልጃቸው ትርሲት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመዘምራኑ ጋር በቴሌቪዥን በቀጥታ ትታያለች። ባለሙያ ይጠራ ቢባል፣ «ስንት ቤት በቆርቆሮ የከደንኩ ሰው ለአንድ ዲሽ ሰው ልጥራ?» ብሎ እምቢ አለ።

ሚስቱን ቴሌቪዥኑ ፊት እንድትቀመጥ አዘዛት። ስትገባ የዲሹ ገመድ ጠልፏት ልትወድቅ ስትል፣ «እያየሽ ሂጂ!» ብሎ ጮኸባት።

ዲሹን ወደ ምሥራቅ ገፋ አደረገው። «መጣ?»

«አልመጣም!»

ቀና አደረገው። «አሁንስ?»

«አልመጣም አልኩህ እኮ!»

«ደህና አድርገሽ እዪ፣ የሹምነሽ! ተኝተሻል እንዴ?»

«አንተ እንዲህ እየጮህክ ማን ይተኛል? ለቅሶ ቤት ድረስ ይሰማል፣ ቀስ በል!»

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ፀሐዩ አናቱን በላው፤ ብሎኑ ጣቱን ላጠው። ዲሹን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢያዞረው መልሷ ያው ሆነ። በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው ቦታ መልሶ አሰረውና፣ መፍቻውን እንደጨበጠ እየተራገመ ወደ ቤት ገባ።

ትርሲት ነጭ ለብሳ፣ አፏ እየተከፈተ እየተዘጋ፣ ቴሌቪዥኑን ሞልታዋለች። ጥርት ብላ ትታያለች።

የሹምነሽ ፊት ለፊቷ፣ ጆሮዋን ወደ ቴሌቪዥኑ አዘንብላ፣ የማያዩ ዓይኖቿን ግድግዳው ላይ ተክላ ተቀምጣለች። ኮቴውን ስትሰማ ቀና አለች።

«እኔን ከምትቆጣ አንተው ናና እየው» አለችው። «እስካሁን ጭጭ እንዳለ ነው።»