ከማን ጋር ልቋጠር

ወለተጻድቅ በቀራንዮ ከተማ በነበረው የጣሊያኖች ጽሕፈት ቤት ከሹሙ ፊት ቆመች። ሹሙ ወደ እንግሊዝ አገር የተሰደዱትን የቀድሞ ገዥ «ባሌን አስገድለዋል» ብላ እንድትከሳቸው ፈልጓል። ከሳሽ ካልተገኘ እንግሊዞች ሰውየውን አሳልፈው አይሰጡም።

«ይክሰሱ እትዬ፤ እምቢ ካሉ ወህኒ ይወርዳሉ» አላት አስተርጓሚው።

«በእኛ ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት የሚቆሙት ነጠላቸው ተቋጥሮ ነው። እኔ ከማን ጋር ልቋጠር?»

አስተርጓሚው ሳቀ። «ባሕር ማዶ የሚደርስ ነጠላ አለዎት እንዴ?»

«የለኝም» አለች። ጠረጴዛውን ዞራ የነጠላዋን ጫፍ ከሹሙ ቀበቶ ጋር አጥብቃ ቋጠረችው።

«ንገረው ልጄ፤ ባሌን ደጃፋችን ላይ ተኩሶ የገደለው እሱ ራሱ ነው። ዳኛ ፊት እንሂድ።»