ስምንት ዓመት በአንድ ጠዋት

አስተርጓሚው አስማማው የክርስትናውን ወረቀት ወደ ጣሊያንኛ እየመለሰ ለጣሊያኑ ሻምበል ሲያነብ፣ የኔታ አንሙት ጋቢያቸውን አጥብቀው ይዘው አንዲት ቃል ብቻ ይጠባበቁ ነበር። «ልጅ ነው» የምትለዋን።

ወረቀቱን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። የቀጥቃጩ የአለበል ልጅ ታረቀኝ፣ ለእህቱ ለማሬ አምባር ልሥራላት ብሎ አንድ ክንድ የስልክ ሽቦ ቆርጦ ተይዟል። ደብረ ማርቆስ ላይ በተለፈፈው አዋጅ መሠረት ሽቦ የቆረጠ ሰው ዕድሜው ከዐሥራ ስምንት በታች ከሆነ ይገረፋል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ይሰቀላል። የኔታም ይህን ሲሰሙ ብራናቸውን አገላብጠው፣ ልጁ የተወለደበትን በሚያምር ቁም ጽሕፈት ገልብጠው መጡ። ሐምሌ ፲፱፻፲፱ ዓመተ ምሕረት። ማኅተምም አስመቱበት።

ሻምበሉ ከወረቀቱ ጫፍ ላይ የራሱን ዘመን ጻፈ፣ 1938። ከሥሩ 1919 ብሎ ቀነሰ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ይላሉ» አለ አስማማው፣ ወለሉን እያየ።

«የማን?»

«የታረቀኝ።»

የኔታ ዞረው ልጁን አዩት። ቁንጮው ገና አልተላጨም። ጀርባው ላይ የሚያርፈውን ጅራፍ እየጠበቀ ትከሻውን አኮማትሮ ቆሟል።

«በእኛ ዘመን ነው የጻፍሁት» አሉ። «አሁን በእኛ ፲፱፻፴ ነው። ልጁ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ንገረው።»

አስማማው ነገረው። ሻምበሉ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ልጁንም ከእግር እስከ ራሱ አየው። የኔታን ያንገሸገሻቸው ይኸ ነው። ሰውዬው አልተሳሳተም፣ በደንብ ገብቶታል።

«መንግሥት የሚያውቀው አንድ ዘመን ብቻ ነው ይላሉ። ወረቀቱም የእርስዎ ነው።»

«እንግዲያው መልስልኝ፣ አስተካክዬ ልጻፈው።»

«መንግሥት እጅ የገባ ወረቀት መለወጥ ወንጀል ነው ይላሉ።»

«አንተስ፣ አስማማው? ዓይን የለህም?»

«እኔ ቃል አመላላሽ ነኝ፣ የኔታ።»

ዓይኑን በጨው ታጥቦ እንዲህ አላቸው። የኔታን የሻምበሉ የፀጉር ቅባት፣ የአስማማው የተወለወለ ጫማ፣ የዝናቡ ሽታ የገባበት ክፍል፣ ሁሉም አቅለሸለሻቸው። ከሁሉ ይልቅ ያስጠላቸው ግን የገዛ እጃቸው ጽሕፈት ነበር። እንደዚያ ተጠብበው ባይጽፉት፣ ዓመቱን ትተው «ሕፃን ነው» ብለው ቢሞነጫጭሩት ምን ነበረበት?

ሻምበሉ የስቅላት ፍርዱን ፈረመ። ቀለሙን እፍ ብሎ አደረቀና ከመሳቢያው አንዲት ከረሜላ አወጣ። ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ፣ ሰው ለሕፃን እንደሚያደርገው ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ከልጁ ፊት ጋር አስተካከለ፣ ፈገግ ብሎም ሰጠው። ታረቀኝ እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። አለመገረፉ ገርሞታል። ይቅር የተባለ መስሎታል።

ከረሜላውን ግን አልፈታም። ወደ የኔታ ቀረብ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃቸው።

«የኔታ፣ ፍልሰታ አይደል? ይኸ ለጾም ይሆናል?»

የኔታ ዓይናቸውን ወደ ሻምበሉ መለሱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በፍልሰታ እስኪቀደስ ውኃ እንኳ የሚከለክሉት እሳቸው ናቸው።

«ልጅ ነህ» አሉት ጮክ ብለው፣ ዓይናቸውን ከሻምበሉ ላይ ሳይነቅሉ። «ልጅ አይጾምም። ብላ።»

ሻምበሉ ቁጢጥ እንዳለ ቀና ብሎ አስማማውን አየው፣ ሽማግሌው ምን እንዳሉ ጠየቀ። አስማማው «ልጅ» የምትለዋን ቃል ሊያመላልስ አፉን ከፈተ፣ መልሶም ገጠመው።