የተሰረዘው ገጽ

መድኃኒት ሁሉ በማሽን መቀመም ከጀመረ ወዲህ፣ ማሽኑ የሚቀምመው በጸደቀው የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ማጣቀሻ መጽሐፍ የሰፈረውን ብቻ ነበር። ገምጋሚዋ የሺመቤት አዲሱን እትም ሦስት ወር ሙሉ መረመረችው። ሕፃናትን በየቀኑ ለሚቀጥፈው የሳንባ በሽታ መድኃኒት ይዞ መጥቷል። የባሏ የጥላዬ የደም በሽታ መድኃኒት ግን ከመጽሐፉ ተሰርዟል።

«በአገሩ የቀሩት ሕሙማን ዘጠኝ ብቻ ናቸው» አላት የመጽሐፉ አዘጋጅ። «ይመለስ ካሉ መጽሐፉ ዓመት ይዘገያል።»

የሺመቤት እስክሪብቶውን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ማጽደቂያው ላይ ፈረመች።

መጽሐፉ ሥራ ላይ በዋለበት ጠዋት፣ ጥላዬ እንደ ልማዱ በብርጭቆ ውሃ ይዞ ግድግዳው ላይ ካለው የመድኃኒት ማሽን ፊት ቆመ። ቢጠብቅ ቢጠብቅ ክኒን አልወረደም።

«ተበላሽቶ ይሆን?» አላት።

«አልተበላሸም፣ ጥላዬ። መጽሐፉ ጸደቀ።»

ስለ መጽሐፉ ስትነግረው ከርማለችና ወዲያው ገባው። «ልጆቹስ?» አላት።

«እነሱ ይድናሉ።»

«ደግ አደረግሽ» አላት ፊቷን ሳያይ። ከዚያ ውሃውን እንዲሁ ባዶውን ጠጣው።