ባዶ ሆድ የገባ ክኒን

ጥሩነሽ ኬክ ቤት ከተቀመጠው ባሏ እጅ ብርጭቆውን ነጥቃ አሸተተችው። ሻይ ነው። አላመነችም፤ ደግማ አሸተተች።

«ወተቱን ጨርሰህ ነው በሻይ የምትጉመጠመጠው? በሁዳዴ! አጥናፉ፣ በሁዳዴ!»

«ኧረ በጊዮርጊስ! ሰው እየሰማ ነው፣ ጥሩዬ።»

«ይስማ! ራኬብ፣ ንገሪው እስቲ ልጄ።»

የጎረቤት ልጅ ራኬብ ፋርማሲስት ናት። ጥሩነሽ የአጥናፉን የደም ምርመራ ውጤት ከሐኪም ቤት ተቀብላ ስትመለስ፣ ልጅቷን ከሥራ ቦታዋ እየጎተተች አመጣቻት፤ በምስክር ፊት ልታጋልጠው። ራኬብ እያፈረች ወረቀቱን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ፎስፈረስዎ ስድስት ነጥብ ስምንት ደርሷል። የጤነኛ ሰው ከአራት ተኩል አይበልጥም። ወተት ውስጥ በብዛት አለ፤ እንደ እርስዎ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ማስወጣት ያቅተዋል። ደም ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ አጥንት ያሳሳል፣ የደም ሥር ያደርቃል፣ ኋላ ልብም ይጎዳል።»

«ሰማህ? ልብህን!» የጥሩነሽ ድምፅ ተሰበረ። ቁጣ ይምሰል እንጂ ፍርሃት ነው። አርባ አንድ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ለአንዲት ማኪያቶ ብሎ ጥሏት ሊሄድ! «ወተት ካልጠጣህ በየቀኑ እዚህ ኬክ ቤት ምን ትሠራለህ?»

አጥናፉ በአገጩ ወደ ቡና ማሽኑ አመለከተ። «የማይጾሙት ማኪያቶ ሲያዙ ጠረኑ ይደርሰኛል። ጠረን ጾም ይገድፋል?»

ጥሩነሽ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። እሱ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጨርቅ ሲሸጥ፣ እሷ አምስት ኪሎ የማታ ትምህርት ስትማር፣ እዚችው መስኮት ሥር አንድ ማኪያቶ ለሁለት ይጠጡ ነበር። አረፋውን ሁልጊዜ ለእሷ ይተውላት ነበር። ወይ ጊዜ! ከመስኮቱ ማዶ ጫማ ሰፊው፣ ሰዓት አዳሹ፣ ስትወጣ ስትገባ የሚለክፋት ያ ሁሉ አራዳ የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ አስፋልትና አበባ ነው። አያምርም አይባልም፣ ያምራል። ግን የምታውቀው ሰው አያልፍበትም።

የአጥናፉ ስልክ ጮኸ። ስድስት ሰዓት። ደወሉን የሞላችው ራሷ ጥሩነሽ ናት።

«በል፣ ክኒንህን» አለችው። ኩርፊያ ሌላ፣ መድኃኒት ሌላ። አጥናፉም ከኮቱ ኪስ ክኒኑንና ጸበል የያዘች ጠርሙስ አወጣ።

«ቆይ ጋሼ» ራኬብ እጁን ያዘችው። «ምሳ በልተዋል እንዴ?»

«በሁዳዴ? በስድስት ሰዓት?» ጥሩነሽ ናት የመለሰችው። «ለሕመሙ ብዬ ሻይ ብፈቅድለትም፣ እኛ ቤት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀመስም። ክኒኑን ግን አንድ ቀን አሳልፌበት አላውቅም። ንጋት አሥራ ሁለት፣ ቀን ስድስት፣ ማታ አሥራ ሁለት። በጸበል።»

«ከምግብ ጋር አላሏችሁም?»

«ብለዋል። ጨጓራውን እንዳይነካው መስሎኝ። የእሱ ጨጓራ እኮ ብረት ነው!»

«ለጨጓራው አይደለም፣ እትዬ። የዚህ ክኒን ሥራ ምግቡ ላይ ነው። እህሉ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ወደ ደም ሳያልፍ እዚያው ሆድ ውስጥ ይዞት ይወጣል። ባዶ ሆድ ከገባ ምን ይይዛል? በዘጠኝ ሰዓት ሽሮውን ሲበሉ ደግሞ ክኒኑ የለም።» ራኬብ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ ወተት አልነኩም ማለት ነው።»

ጥሩነሽ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ጾሙ ከገባ ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ጎህ ሳይቀድ እየቀሰቀሰች ያስዋጠችው ሁሉ!

«እኔ ነኛ» አለች። «እኔው ነኝ የገደልኩህ።»

«ኧረ አልሞትኩም!» አለ አጥናፉ።

አልሳቀችም። አስተናጋጇን ጠርታ የጾም ዳቦ አዘዘች።

«ሰዓቱ አልደረሰም እኮ፣ ጥሩዬ።»

«የንስሐ አባታችን ‹በሽተኛ ነው፣ ይብላ› ብለው ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ምን ይለናል ብዬ።»

ዳቦው መጣ። ነጠላ የለበሱ ሴቶች ከጊዮርጊስ ሲመለሱ በመስኮቱ አሻግረው አዩ፤ ሁለቱ የማኅበሯ ሰዎች ናቸው። ጥሩነሽ አየቻቸው። ከዳቦው ቆርሳ ባሏን አጎረሰችው፤ እሱ አኝኮ እስኪውጥ ድረስም ክኒኑን በመዳፏ ይዛ ጠበቀች።